ለልጄ፣ ቫሌ ደ ሜ ከመግባትሽ በፊት

ከሱሉልታ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ጠንክሯል። ለጫጉላችሁ ሲሼልስን በመምረጣችሁ ደስ ብሎኛል። የላክሽልኝን ፕሮግራም ግን አይቼ ቅር አለኝ፤ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን የዘንባባ ጫካ ሸለቆ በጀልባውና በባሕር ዳርቻው መሃል ለአንድ ሰዓት ሸጉጣችሁታል። እባክሽ ይህን ቀይሩት።

ሸለቆው ያለው ፕራስሊን ደሴት ላይ ነው። ከዋናው ደሴት ከማሄ፣ ከቪክቶሪያ ወደብ፣ ፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚጣደፍ ሰው ጫካው ውስጥ የሚገኘው እኩለ ቀን ላይ፣ አስጎብኚዎች ሰው በሰው ሲያደርጉት ነው። ፕራስሊን ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩና ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ። ለእግር መንገዱ ሦስት ሰዓት መድቡ። ከጀልባው ማረፊያ ከቤ ሴንት አን ወደ ግራንድ አንስ የሚያልፈው አውቶቡስ በሩ ላይ ያወርዳችኋል። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ስልካችሁን ሳታስተካክሉ ጀልባ እንዳያመልጣችሁ።

ከሁሉ በፊት ቢጫ ካርድ። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በበረራው ሳምንት ተሯሩጦ መወጋት ዋጋ የለውም። ቪዛ አያስፈልግም፤ የጉዞ ፈቃድ ግን ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ሞልታችሁ መክፈል አለባችሁ።

ጫካው 19.5 ሄክታር ብቻ ነው፤ ዩኔስኮ በ1983 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለዚህ ያበቃው ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ ነው። በዓለም ካለ ዘር ሁሉ የእሱን ያህል የሚከብድ የለም። ፍሬው ከነሽፋኑ 20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ለመብሰል ከ6 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ይበቅላሉ። እርጥቡ ፍሬ ባሕር ውስጥ ከገባ ስለሚሰጥም ዛፉ ራሱን ወደ ሌላ አገር ማሻገር አልቻለም፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ፕራስሊንና ጎረቤቷ ኩሪየዝ ላይ ብቻ ነው።

ቀና ብለሽ ቅጠሉን እዪ። የግቢያችን ኮባ ዝናቡን በቅጠሉ ቦይ ወደ ግንዱ ሲሰበስብ አይተሽ የለ? ይህም እንደዚያው ነው። እንደ ማራገቢያ የተጣጠፈው ቅጠል የወረደበትን ዝናብ፣ ከአበባ ብናኝና ከወፍ ኩስ ጋር ጠርጎ፣ በዘንጉ ቦይ አውርዶ የገዛ ሥሩ ላይ ያፈሰዋል። አፈሩ ድሃ ነውና ማዳበሪያውን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ዝናብ ቢመጣ አትሽሹ፤ ፍሬ ከተሸከመችው ሴቷ ዛፍ ፈንጠር ብላችሁ ቆማችሁ ውሃው ግንዱን ተከትሎ ሲወርድ ተመልከቱ። ነፋስ ሲነሳ ቅጠሎቹ እንደ ላላ ቆርቆሮ ይንቋቋሉ፤ ያኔ ከሥራቸው መቆም አይገባም፣ የደረቀ ቅጠልም ይወድቃል።

እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን፣ ያ በ1879 እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ አፄ ዮሐንስን ያነጋገረው ሰው፣ በ1881 እ.ኤ.አ. ይህን ሸለቆ አይቶ ኤደን ገነት ይህ ነው ብሎ ነበር። ስትገቢ ለምን እንዳለ ይገባሻል።

የጫማ ነገር አደራ። ድንጋዩ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፤ ሲያዳልጣችሁ ደግሞ እጅ ወደ ቅርቡ ዘንባባ ይሄዳል። ለጋዎቹ ዘንባባዎች ብዙዎቹ እሾኻም ናቸውና ሳታዩ አትያዙ። ነጠላ ጫማ ለባሕሩ አስቀምጡት። ወባ የለም፣ ትንኝ ግን አለ፤ የሚቀባ መከላከያ ያዙ። ጥቁር በቀቀን የሚሉት ወፍ ቀለሙ የተቆላ ቡና ነው፤ የሚራባው ፕራስሊን ላይ ብቻ ነው። ከማየታችሁ በፊት ፉጨቱን ትሰማላችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ ካደረጋችሁ።

ከመሬት ምንም አታንሱ። ፍሬውን ለማስታወሻ መግዛት ካማራችሁ ከነሕጋዊ ፈቃዱ ግዙ፤ ያለዚያ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይወሰድባችኋል።

ስትመለሱ ቦሌ ብርድ ይጠብቃችኋልና ሹራባችሁን በእጅ ሻንጣ ያዙ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እግዚአብሔር በሰላም ይመልሳችሁ።

አባትሽ