እናቴ ቦርሳ ውስጥ ስለተገኘው ብልቃጥ፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አምና የካቲት ላይ አንድ ድስት ሽሮ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመረች። ሽሮ አበላሽታ የማታውቅ ሴት ናት። ቀጥሎ የልጅ ልጆቿን ስም ማምታታት ጀመረች። እኛም «ዕድሜ ነው» ብለን አለፍነው።

ለፋሲካ ከዋሽንግተን የመጣው የአክስቴ ልጅ ሁለት ብልቃጥ ይዞላት መጣ። ላዩ ላይ ማራገቢያ የመሰለ ቅጠል አለበት። ጊንኮ ቢሎባ ይባላል። ሲያልቅባት እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ገዛሁላት። «የአእምሮ ቫይታሚን ነው» አለኝ ሻጩ። «ቅጠል ነው እኮ፣ ምን ያደርጋል!» አመንኩት።

እናቴ የልብ ምቷ ስለሚዛባ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ስኳርም አለባት። ሐምሌ ላይ ክንዷ በልዞ አየሁ። «እማዬ፣ ከምን ጋር ተጋጨሽ?» አልኳት። አላስታወሰችም። ረስታው ነው ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ አፍንጫዋ መድማት ጀመረና አልቆም አለ። ነጠላዋ በደም ራሰ።

ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቃት። «የለም ልጄ» አለች። አልዋሸችም። ቫይታሚን ነው ያልናት እኛ ነን። ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ጊንኮ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ሊጨምር እንደሚችል ያን ቀን ሰማሁ።

ከዚያ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ታዘዘላት፤ እጥረቱ መርሳት ሊያመጣ ይችላል። በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለስኳሯ ለዓመታት የወሰደችው ሜትፎርሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ደግሞ እናቴ አንድም ጾም አታስታጉልም፤ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። መርፌ ጀመረች። ስም ማምታታቱ ጨርሶ አልተዋትም። ሽሮዋ ግን ተመልሷል። የሚታከም ችግር ነበራት፣ እኛ ግን ወራቱን በብልቃጥ ጨረስነው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ጊንኮ እኮ በሚገባ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎች ለስድስት ዓመት ያህል ተከታትለዋቸዋል። ግማሾቹ በቀን ሁለቴ 120 ሚሊግራም ጊንኮ፣ ግማሾቹ እሱን የሚመስል ባዶ እንክብል ወሰዱ። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጊንኮ የመርሳት በሽታን አልተከላከለም። ፈረንሳይ ውስጥ ከ2,800 በላይ አረጋውያን ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመው ጥናትም እዚያው ደረሰ። እዚያው አሜሪካ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ እንዲህ ያለው ምርት መሥራቱን ሳያረጋግጥ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። በሽታን ለማከም ወይም ለመከላከል እንዳልሆነ ብልቃጡ ራሱ ይናገራል። ግን በእንግሊዝኛ፣ በጥቃቅን ፊደል። እናቴ የምታነበው ዳዊቷን ነው።

ለነገሩ ቅጠልን የምናውቅ ሰዎች ነን። ትምህርት እንዲገባ ተብሎ አብሾ ይጠጣ እንደነበር ያልሰማ ማን አለ? የሚዘጋጅበት አስተናግር የተባለው ተክል ውስጥ ስኮፖላሚን አለ። ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰው ላይ ለጊዜው መርሳት ማምጣት ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ነው። ለማስታወስ የተጠጣው ማስታወስን ይነሳል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥሩን ለእናንተ ሰጥቷል። ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ «የመርሳት በሽታን ያድናል» እያሉ እንክብል የሚሸጡትን አስቁሙልን። በሕጋዊ መንገድ የሚገባው ብልቃጥ ላይ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን፣ በሚነበብ ፊደል፣ «ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውሰድ» የሚል ይጻፍበት። በሻንጣ የሚመጣው ላይ መለጠፍ እንደማይቻል አውቃለሁ። ለእሱ ሬዲዮ አለ። እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ይሰማሉ። «መርሳት ከጀመራችሁ መጀመሪያ ተመርመሩ፤ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቫይታሚኑንም ቅጠሉንም ይዛችሁ ሂዱ» ብላችሁ ንገሩልን።

ግማሽ የቀረው ብልቃጥ እኔ ጋ አለ። ለምርመራ ከፈለጋችሁት አመጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት እናት ልጅ፣ አዲስ አበባ