ስለ "ሊስተን" ይቅርታ፣ እማዬ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? መነጽርሽን ሳታደርጊ ስልኩን አፍንጫሽ ላይ ለጥፈሽ እንደምትጫወቺ አውቃለሁ፤ አትካጂ።

ባለፈው በስልክ ያልኩሽ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ነው የሰነበተው። ያ ስድስት ፊደል ሰጥቶ "ቃል አውጪ" የሚለው ጨዋታሽ ላይ "ሊስተን" የሚል አገኘሁ ብለሽ ደስ ብሎሽ ስትነግሪኝ፣ እኔ ሳቅኩ። "ሊስን ነው የሚባለው፣ ቲ አትነበብም" አልኩሽ። "ካልተነበበች ለምን ጻፏት?" አልሽኝ። "በቃ እንግሊዝኛ እንደዛ ነው" ብዬ ቸኩዬ ዘጋሁት። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ስሳሳት አንድ ቀን ስቀሽብኝ አታውቂም። አፈርኩ።

ደግሞ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ቁጭ ብዬ ፈለግኩልሽ።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ለመስማት ሁለት ተቀራራቢ ግሶች ነበሩ፤ አንደኛው ቲ ያለው፣ ሌላኛው የሌለው። ዛሬ ያለው ቃል የመጣው ከሌለው ነው፤ ቲ ከዘመዱ ተውሳ ገባች። ከዚያ ምላስ ተዋት፣ ብዕር ግን አልተዋትም። እሷ ብቻም አይደለችም። ቲ ከኤስ ቀጥላ መጥታ ከኋላዋ "ኢኤን" ወይም "ኤልኢ" ሲከተላት ብዙ ጊዜ ትዋጣለች። ካስል (ግንብ ቤተ መንግሥት)፣ ሄይስን (መፍጠን)፣ ሀስል (መዋከብ)፣ ሁሉም ባለስድስት ፊደል ናቸው፣ በሁሉም ውስጥ ቲ ተቀምጣ ዝም ብላለች። በጣም የሚገርመው ፋስን ነው፣ ማሰር ወይም ማጥበቅ ማለት። የወጣው "ፋስት" ከሚለው ቃል ነው፤ ፋስት በዛሬው አነጋገር ፈጣን ነው፣ የጥንት ትርጉሙ ግን ጥብቅ ማለት ነው። ፋስት ሲባል ቲዋ ጥርት ብላ ትሰማለች፣ ሁለት ፊደል ሲጨመርበት ትጠፋለች። ስለዚህ አንቺ የተጻፈውን ነው ያነበብሽው። ጥፋቱ የነሱ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታሽ። ያገኘሻቸው ፊደላት ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ እና ቲ ናቸው። እነዚህን ስድስቱን በ720 መንገድ መደርደር ይቻላል (6 ሲባዛ በ5፣ በ4፣ በ3፣ በ2 ነው፣ ማስሊያ አታምጪ)። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚያውቀው ቃል የሚሆኑት አምስት ብቻ ናቸው። ሊስን፣ ማድመጥ። ሳይለንት፣ ዝም ያለ። እነዚህን ሁለቱን አጣምሮ "ለማድመጥ ዝም በል" የሚል ጥቅስ ሰው በየቴሌግራሙ ሲላላክ ይውላል፤ ለኔ የተላከልኝ ብዛቱ! እኔ የምወደው ሌሎቹን ነው። ኢንሊስት ለውትድርና መመዝገብ ነው፣ ወይም ሰውን ለአንድ ሥራ አግዘኝ ብሎ ማሰለፍ። ኢንሌትስ ባሕር ወደ የብስ ሰርጎ የሚገባባቸው ጠባብ ቦታዎች፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ኤስ የብዙ ቁጥር ስለሆነች ትንሽ ማጭበርበር አለበት፣ ጨዋታው ግን ይቀበላል። ቲንስል ደግሞ የሚያብለጨልጭ የጌጥ ክር ነው። ሥረ መሠረቱ በጥንቱ ፈረንሳይኛ "ብልጭታ" የሚል ቃል ነው። ላዩ አብረቅራቂ ውስጡ ባዶ ለሆነ ነገርም ይሉታል፤ አንቺ ስም የምታወጪላቸው አንዳንድ ሰዎች ትዝ አሉኝ።

ለምን እነዚህ ፊደላት ይህን ያህል ቃል እንደሚወልዱ ታውቂያለሽ? እንግሊዝኛ ውስጥ በብዛት የሚመላለሱ ስለሆኑ ነው። ስክራብልን፣ ፊደል በተጻፈባቸው ጠጠሮች ቃል የሚሠራበትን የገበታ ጨዋታ፣ የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጥሮ ነበር። በእንግሊዝኛው ስክራብል ከ100 ጠጠር 12ቱ ኢ ናቸው። ያንቺ ስድስቱም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚያወጡት፤ ብርቅ የሆኑት ኪው እና ዜድ ግን አሥር አሥር ያወጣሉ።

በኛ ፊደል ሞከርኩት። ይከብዳል፣ ምክንያቱም አናባቢው ፊደሉ ላይ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ግን ቀ፣ በ እና ረን ውሰጂ። ቀረበ፣ ቀበረ፣ በረቀ። ሦስት ፊደል፣ ሦስት ሙሉ ግስ! "ሰማ"ን ስትገለብጪው ደግሞ "ማሰ" ይሆናል፣ ቆፈረ ማለት። ይሄን ሳገኝ ብቻዬን ጮህኩ።

አንድ የሚያስቅ ልጨምርልሽ። "ፓረንት"፣ ወላጅ፣ እሱም ስድስት ፊደል ነው። ፊደሎቹን ስታቀያይሪያቸው "ኢንትራፕ" ይወጣል፣ ወጥመድ ውስጥ ማስገባት። ሌላው "ትሪፓን" ነው፣ የራስ ቅል መብሻ መሣሪያ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ብትነግሪኝ ኖሮ ያለ ምንም ጥርጥር አምን ነበር።

ስትጫወቺ አንድ ነገር አድርጊ። ፊደላቱን በመስመር አትያቸው፣ ወረቀት ላይ በክብ ጻፊያቸው፤ ዓይን በመስመር ያየውን ቃል ለመልቀቅ ያስቸግራል። ከዚያ ተያይዘው መሄድ የሚወዱትን ፈልጊ። ኢ እና ኤን ካሉሽ መጀመሪያም መጨረሻም ሞክሪያቸው፤ ሊስን በነሱ ያልቃል፣ ኢንሊስት በነሱ ይጀምራል። ኢ እና ዲ ካሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ አስቀምጫቸው፣ ያለፈ ጊዜ ግስ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚደበቀው።

የቤት ሥራሽ ይኸው፦ ኤ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤን፣ አር። አራት ቃል አለበት። አንዱ አደጋ ነው፣ አንዱ የአትክልት ቦታ፣ አንዱ ወንድ ዝይ። አራተኛው በዲ ነው የሚያልቀው፣ ከዚህ በላይ አልነግርሽም። እሁድ እደውላለሁ። ጎግል እንዳታደርጊ፣ አውቅብሻለሁ።