አባባ፣ ስለዚያ የባሩድ ጣሳ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከመንዝ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ የባሩዱ ጣሳና የጥይቱ ከረጢት አብረው መውረዳቸውን እህቴ ነገረችኝ። ቆላው ለጉልበትዎ ደግ ነው፣ ለባሩዱ ግን አይደለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሳያነቡ ጣሳውን አይክፈቱት፣ ቀለህም አይሙሉበት።

ጣሳው ውስጥ ያለው ዓይነት ጢስ አልባ ባሩድ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቀስ እያለ ይፈርሳል። ዋናው ነገሩ በአሲድ የተሠራ ጥጥ፣ ናይትሮሴሉሎስ የሚሉት ነው፤ አንዳንዱ ናይትሮግሊሰሪንም ይጨመርበታል። ሲፈርስ የሚያወጣው ጋዝ ወደ አሲድ ይለወጣል፣ አሲዱም ፍርሰቱን እንደ እርሾ ያባዛዋል። ፋብሪካው ይህን ለመግታት ዳይፊኒላሚን የመሰለ ማረጋጊያ አንድ በመቶ ገደማ ይጨምርበታል። ማረጋጊያው ጋዙን እየዋጠ ይቆይና አንድ ቀን ራሱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያግደው የለም። ሙቀት ደግሞ ሁሉንም ያፋጥነዋል። በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ብርድ ዘመናት የቆየ ባሩድ በሸዋ ሮቢት የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያን ያህል አይቆይም። ብዛት ካለው ውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ይነድዳል። በፈረንሳይ ቱሎን ወደብ በፈረንጆች 1907 ኢዬና፣ በ1911 ደግሞ ሊቤርቴ የተባሉት የጦር መርከቦች የፈነዱት ያረጀ ባሩድ ተበላሽቶ ነው ተብሎ ይታመናል።

መጀመሪያ ጣሳውን ከውጭ በእጅዎ መዳፍ ይዳስሱት። ከአካባቢው የሞቀ ከሆነ ወይም ከክዳኑ ቀይ ቡናማ ጭስ ከወጣ አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱትም። ሰዉን ሁሉ ከቤት አስወጥተው ርቀው ለፖሊስ ይደውሉ። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ጉዳቱም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ቀዝቃዛ ከሆነ ደጅ ጥላ ቦታ ላይ፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቀው ይክፈቱት። አፍንጫዎን ወደ ጣሳው አያስገቡ፤ በእጅዎ አየሩን ወደ እርስዎ ያራግቡት። ደህናው ባሩድ የአልኮል ወይም የአሴቶን ዓይነት ስስ ሽታ አለው። የተበላሸው ኮምጣጣ ነው፣ አፍንጫና ጉሮሮ ይቆነጥጣል። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነጭ ወረቀት ላይ ያፍስሱ። ደህናው ደረቅ ነው፣ ፍሬ በፍሬ ይወርዳል። የተበላሸው ሲፈስ ዝገት የመሰለ ቀይ ቡናማ ብናኝ ያስነሳል፣ ይጓጉላል፣ አንዳንዴም ቅባት ያወጣል። የጣሳው ውስጥ ከዛገ ወይም የተለጠፈው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ከተፈረፈረ አሲዱ ሥራውን ጀምሯል። መበላሸቱን ለማወቅ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል። ምልክት ባይታይ እንኳ ከልዩ ልዩ ጥይት እየተፈታ የተጠራቀመና ዓይነቱ የማይታወቅ ባሩድ ለመሙያ አይሆንም፤ የእርስዎም እንደዚያው ነው።

«ትንሽ ደከም ቢል ምን አለበት» እንዳይሉኝ። የተበላሸ ባሩድ ሁልጊዜ አይደክምም። አንዱ ፍሬ ሲደክም የሌላው፣ ቶሎ እንዳይነድድ የሚያዘገየው ሽፋን ተበልቶ ከልክ በላይ ቶሎ ይነድዳል። ሲደክም አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት ጠመንጃውን ይሰነጥቀዋል። ሲፈጥን ደግሞ ያው አደጋ በመጀመሪያው ተኩስ ይመጣል። ቀለሁም አይታመንም፦ አሲዱ ናሱን ከውስጥ ስለሚበላው አንገቱ ይሰነጠቃል። ቀደም ሲል በነቀሉት አረር ግርጌ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካዩ የእሱ ቀለህ ቢያጥቡትም ዳግም አይሞላ። ውጅግራው፣ አሮጌው ጠመንጃ ደግሞ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ ጢስ አልባው ደህና ቢሆን እንኳ አይግባበት።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። የፕላስቲክ ባልዲ ግማሹን ውሃ ሞልተው፣ ጓንት አድርገው ባሩዱን በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ውስጥ ይጨምሩት፣ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ። ባዶውንም ጣሳ ይንከሩት፣ የተረፈው አቧራ ይነድዳልና። ባልዲውን ጥላ ያድርጉት፣ ክዳኑን ግን አይጠርቅሙት፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ውሃው ባሩዱን አያሟሟውም፣ እንዳይነድድ ብቻ ያደርገዋል፤ ከደረቀ እንደገና ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ ሲጎድል ይጨምሩ። ልጆችና ከብት እንዳይደርሱበት። ከዚያ ለወረዳው ፖሊስ ይንገሩ፣ እነሱ ይምጡና ይውሰዱት። ሽንት ቤት አይድፉት፣ አይቅበሩት፣ ጠርሙስ ውስጥም አይገልብጡት፤ የታፈነ ባሩድ ሲቀጣጠል ይፈነዳል።

ባሩድ ሠሪዎች ጥቂቱን በገላጣ መሬት ላይ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት፣ በአንድ ክምር ከ450 ግራም ሳያልፍ አቃጥሉ ይላሉ፤ መለኮሻውም ሰውየው እስኪርቅ ቀስ ብሎ የሚደርስ መሆን አለበት። እዚያ ግን ገለባው ደርቋል፣ ነፋሱም አይታመንም። እርስዎ አይሞክሩት፣ ለሚያውቁት ይተዉላቸው።

በከረጢቱ ያሉትን ጥይቶች አይፍቷቸው፣ እሳትም ውሃም አያግቧቸው። እየለዩ የተሰነጠቀውን፣ አረንጓዴ የበላውንና አረሩ የላላውን በካርቶን አድርገው ከባልዲው ጋር ለፖሊስ ያስረክቡ። ዝናሩን ከምድጃው በላይ መስቀል ይቅር፤ ደህናው ጥይት ቀዝቃዛና ደረቅ ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ባልዲውን ብቻዎን አያንሱ፣ እህቴ ከገበያ ስትመለስ አብራችሁ አድርጉት። ጣሳው ሞቆ ካገኙት ግን እሷን አይጠብቁ፣ ወዲያው ከቤት ወጥተው ይደውሉ፤ ለእኔም ያሳውቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ