ሪፐብሊኩ የማን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ወጣቶች ሌሊቱን ስለሚያነጉባቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች ባለፈው እትማችሁ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ፣ «ክሩሴደር ኪንግስ ሁለት» በተባለው የመካከለኛው ዘመን ጨዋታ ከንጉሥነት ይልቅ የነጋዴዎችን ሪፐብሊክ የሚመርጥ ተጫዋች የሕዝብ አስተዳደርን እንደሚለማመድ ተጽፎ አንብቤአለሁ። ደሴ ውስጥ ታሪክ የማስተምር፣ ይህንኑ ጨዋታ ከእህቴ ልጅ ጋር ሁለት ክረምት ሙሉ የተጫወትኩ ሰው ነኝና አባባሉ ቢታረም እወዳለሁ። ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጨዋታውን በ2012 ያወጣው የስዊድኑ ፓራዶክስ ኩባንያ ሪፐብሊኮችን ለተጫዋቾች የከፈተው በማግሥቱ ዓመት፣ ለብቻው በሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል ነው። ቬኒስን ወይም ጄኖዋን የመረጠ ተጫዋች በእጁ የሚገባው አገሩ ሳይሆን አንድ ቤተሰብ ነው። በእያንዳንዱ ሪፐብሊክ አምስት የነጋዴ ቤቶች አሉ፤ አንዱ ዘሩ ቢጠፋ ሌላ ይተካና አምስትነታቸው ይቀጥላል። ዶጅ የሚባለው መሪ ሲሞት ከእነዚህ ቤቶች የአንዱ ዕጩ ይሾማል፤ ዕድሜና ዝና ቢረዱትም ሚዛኑን የሚደፋው ቤቱ ለምርጫው ያፈሰሰው ወርቅ ነው። ዓሣ አጥማጁም ሆነ መርከብ ጠጋኙ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። አንድ ምሽት ሽማግሌው ዶጃችን ታሞ ሳለ የእህቴ ልጅ ካዝናውን አራግፎ ለምርጫው ከተተው፤ አሸነፍንም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን አንዱ ተቀናቃኝ ቤት የንግድ ጣቢያችንን ሊነጥቅ ሲነሣ ቅጥረኛ ወታደር የምናቆምበት ሳንቲም አልነበረንም። ልጁ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ «ጋሼ፣ ወንበሩን ገዝተን ሱቁን ሸጥነው» አለኝ። በክፍል ውስጥ ስለ ቬኒስ ካስተማርኩት ሁሉ ይህች ንግግሩ ትበልጣለች።

እንዲያውም በዚህ ረገድ ጨዋታው እውነተኛዋን ቬኒስ ይበድላታል። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብሮች ይዘው የደረሱባት ያቺ ከተማ ወንበር በገንዘብ እንዳይገዛ አጥብቃ ትፈራ ስለነበር፣ በ1268 ዶጅ የሚመረጥበትን ሥርዓት እንደ እቁብ በዕጣ አሰረችው። ከታላቁ ምክር ቤት 30 ሰዎች በዕጣ ይወጣሉ፤ እነሱም በዕጣ ወደ 9 ይወርዳሉ፤ 9ኙ 40 ሰዎች ይመርጣሉ፤ 40ው እንደገና በዕጣ ወደ 12 ይወርዳሉ፤ እንዲህ ዕጣና ምርጫ እየተፈራረቁ ሄደው በመጨረሻ 41 ሰዎች ዶጁን ይመርጣሉ። ለማን ጉቦ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ እስከማይቻል ድረስ የተወሳሰበ አሠራር ነበር። ይሁን እንጂ ይህም የሕዝብ አስተዳደር አልነበረም፤ ምክንያቱም ከ1297 ጀምሮ የምክር ቤቱ በር ቀደም ሲል አባል ለነበሩ ቤተሰቦችና ለዘሮቻቸው ብቻ ወደሚከፈትበት ሁኔታ እየጠበበ ሄዷል። ጨዋታው ግን ዕጣውን ሙሉ በሙሉ ትቶ ወርቁን ብቻ አስቀርቷል።

የሐበሻን ንጉሥ ይዞ የጀመረ ተጫዋችም ሪፐብሊክ መፍጠር ይችላል፤ አፈጣጠሩ ራሱ ግን የእናንተን አባባል ያፈርሳል። በባሕር ጠረፍ ያለች ከተማ ከንቲባ ተፈልጎ አውራጃው ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ የመስፍንነት ማዕረግ ይጨመርለታል፤ ወዲያው ግዛቱ የነጋዴ ሪፐብሊክ ይሆንና ለንጉሡ እየገበረ ይኖራል። ሕዝብ አልተነሣም፣ ንጉሥም አልወረደም፤ ንጉሡ በፈቃዱ የሾመው ሪፐብሊክ ነው። ይህን ሳይ ትዝ የሚለኝ፣ ነጋዴን እንዲመራና ቀረጥ እንዲሰበስብ ከላይ የሚሾም የነበረው የእኛው ነጋድራስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአመዛኙ የዘመድ ቆጠራ ነው። አንድ ቤት ሊያቆም የሚችለው የንግድ ጣቢያ ቁጥር ለአቅመ አዳም በደረሱት ወንዶቹ ብዛት ይወሰናል፤ ስለዚህ ከመርከቡ ይልቅ ጋብቻና ወሊድ ያስጨንቃል። አጠገብ ላጠገብ የተሠሩ ጣቢያዎች ተያይዘው ገቢው ስለሚያድግ አንዷን በመሐል ያጣ ሰው የሚከስረው የእሷን ገቢ ብቻ አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሪፐብሊኩም ጣቢያዎቹም ከባሕር ጠረፍ ጋር መታሰራቸው ነው። አያቴ ከአፋር በግመል የመጣ አሞሌ ጨው በሰኞ ገበያ ባቲ ላይ ገዝቶ፣ በየኬላው እየተከራከረ፣ በአህያ ወደ ደጋ የሚያወጣ ነጋዴ ነበር። ቆላና ደጋ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን የሚገናኝባት ያቺ ገበያ በዚህ ሕግ መቼም ሪፐብሊክ ልትሆን አትችልም፤ ባሕር የላትማ! የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ፤ እኔ ግን አሁንም ቅር ይለኛል።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ «የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው «የጥቂት ባለጠጋ ቤቶች መንግሥት» ተብሎ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ፤ ሪፐብሊክ የሚለው ቃል በዛሬው አንባቢ ጆሮ የሚሰጠው ትርጉም ሌላ ነውና። በተጨማሪም ዋናው ጨዋታ ከ2019 ጀምሮ በነጻ ቢገኝም ሪፐብሊክ ለመጫወት ተጨማሪውን ክፍል መግዛት እንደሚያስፈልግ፣ በ2020 የወጣው ሦስተኛው ጨዋታም ሲወጣ ሪፐብሊክን ለተጫዋች እንዳልፈቀደ ብትጠቅሱ፣ ጽሑፋችሁን አምኖ ገንዘብ የሚያወጣ ወጣት ከመቆጨት ይድናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከደሴ