የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ፕሮጀክተሩ ማን ጋ ነው?

ዘንድሮ ክበባችን ጌም አልሠራም፣ ዌብሳይትም አልሠራም። የትምህርት ቤታችንን የንብረት ክፍል መዝገብ አክሰስ በሚባለው የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፕሮግራም ላይ ስንጭን ነው የከረምነው። መጀመሪያ ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ እውነት ለመናገር ፒያሳ መሀል፣ ያ ሁሉ ግርግር በመስኮት እየተጣራ፣ ቁጭ ብሎ ወንበርና ዳስተር መመዝገብ ማንን ያጓጓል?

ንብረት ክፍል ወረቀት አላጣም። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፣ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድም አለ። ጣጣው የሚመጣው «ፕሮጀክተሩ ማን ጋ ነው?» ሲባል ነው። ያኔ ፓድ በፓድ መገልበጥ ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ በኤክሴልም ይሠራል» አለኝ አንዱ። ይሠራል፣ ስለዚህ በዚያው ጀመርን። ብዙም ሳንቆይ አንድ መምህር በአንዱ መስመር «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ»፣ ሲያሰኘን ደግሞ «ሐይሉ» ሆኖ ሦስት ሰው ወጣው፤ ኮምፒውተሩ ፊደል እንጂ ድምፅ አይሰማማ። አክሰስ ላይ ግን የመምህራን ስም የራሱ ሰንጠረዥ አለው። እያንዳንዱ መምህር መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ስሙ አንዴ ይጻፋል፣ ዕቃ ሲወስድ ከዝርዝር መምረጥ ብቻ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው።

ከሁሉም ያስለቀሰን ቀን ነው። የአክሰስ የቀን ፊልድ (ቀን የሚሞላበት ዓምድ) የሚሄደው በፈረንጁ ካላንደር ነው፣ የእኛን አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለን ስናስገባ አልቀበልም አለ፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውማ። እሱስ ደግ፣ ቢያንስ ይጮኻል። ጳጉሜ 3ን 3/13/2016 ስንለው ግን ምንም ሳይል ቀኑንና ወሩን አገላብጦ ማርች 13 አድርጎ ዋጥ አደረጋት! እንዲህ ያለውን ስህተት ማን ያገኘዋል?

ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የቁጥር ፊልድ ለያየናቸው። ዕቃው ስንት ቀን እንደቆየ ለማስላት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀመር አመጣች፦ ዓመቱን በ365 አባዝቶ፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚወጣውን ሙሉ ቁጥር መጨመር፣ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝቶ መደመር፣ በመጨረሻ ቀኑን። የተመለሰበት ሲቀነስ የወጣበት፣ አለቀ። 12ቱ ወር እኩል 30 ስለሆነ ከፈረንጁ ስሌት በብዙ ይቀላል። እኔ በበኩሌ የዓመቱ ምርጥ ሥራ እሱ ነው እላለሁ፣ ዳንሱን ያቀረቡት የሚኒ ሚዲያ ልጆች ይቅር ይበሉኝና።

የዕቃ ፎቶ እናስገባ የሚል ሐሳብም ነበር፤ አንድ የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋ ባይት ስለማያልፍ ተውነው። መብራት እንደ ልቡ ነውና ፋይሉ በፍላሽ ኮፒ ይደረጋል።

አሁን የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ የዕቃውን ስም ጽፈው ማን ጋ እንዳለ ያያሉ። ፓዱን ግን አልጣሉም፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ፊርማውን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቤተ መጻሕፍቱ ተራው ነው፤ የመምህራኑ ሰንጠረዥ እዚያም ያገለግላል፣ የተማሪዎቹን ግን ከዜሮ መጻፍ አለብን። ታይፕ የሚችል ልጅ እንፈልጋለን።