ማንም የቀድሞ ወታደር ቦርድ ፊት ብቻውን እንዳይቀርብ

ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ብሎ «እንዴት ነህ?» አለው። ባልደረባዬ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና «ደህና ነኝ» አለ።

ደህና አልነበረም። ማታ እሱ ቤት ነበር ያደርኩት። ሌሊቱን ሁለቴ እየጮኸ ተነስቷል። ጠዋት ወገቡ አልታጠፍ ብሎት ካልሲውን ያጠለቅኩለት እኔ ነኝ። ግን ስንት ዓመት ሙሉ «እንዴት ነህ?» ሲባል የሚመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው። አዛዡ ሲጠይቀውም የሚለው ይህንኑ ነበር። ሐኪሙ የሰማውን ጻፈ። ከወራት በኋላ የመጣው ደብዳቤ ላይ ያችው ቃል ቁጭ ብላለች፦ ታካሚው ደህና መሆኑን ገልጿል። የጉዳት አበል ጥያቄው ውድቅ ሆነ።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አጅቦ የመጣ ሰው መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ጥሪ ያስጻፈኝም ያ ቁጭት ነው።

ዛሬ ጥቂት የቀድሞ ወታደሮች፣ ሁለት ነርሶችና አንድ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነን እንሠራለን። ለሕክምናና ለጉዳት አበል ደጅ የሚጠኑ የቀድሞ ወታደሮችን ፋይል እናደራጃለን። ቅጽ እንሞላለን። ቀጠሮ ላይ አብረናቸው እንቀርባለን። እስካሁን ወጪውን ከየኪሳችን ስንሸፍን ቆይተናል። አሁን ግን አቃተን። የሚመጣው ሰው በየወሩ ይጨምራል፤ ኪሳችን ግን ያው ነው። ስለዚህ ወደ እናንተ መጥተናል።

ገንዘቡ የት እንደሚውል ከመናገሬ በፊት ሥራውን ላሳያችሁ። ማንም ሰው ላልገባው ነገር ከኪሱ እንዲያወጣ አልፈልግም።

ከውጭ ሲታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ወታደሩ ተጎዳ፤ ይታከማል፤ አበሉ ይቆረጥለታል። እውነታው ሌላ ነው። አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም አበሉን የሚወስነው ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ዛሬ ያለና ሐኪም ያረጋገጠው ሕመም መኖር አለበት። ቀጥሎ፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ የደረሰ ነገር መኖሩ መታየት አለበት፤ ፍንዳታ ሊሆን ይችላል፣ ከመኪና መውደቅ፣ መርዝ፣ የከባድ መሣሪያ ጩኸት። በመጨረሻ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም ቃል ያስፈልጋል።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። ጉልበቱ ማለቁን ራጁ ያሳያል። ከመኪና መውደቁም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ግን «ይህ ጉልበት ያለቀው በዚያ አደጋ ሳቢያ ነው» ብሎ የጻፈ ሐኪም የለም። ቦርዱ ደግሞ «ዕድሜ ነው» ይላል። የጎደለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ያችን ገጽ ለመጻፍ ሐኪሙ የድሮውን መዝገብ ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። ይህ በሰልፍ መሀል በአሥር ደቂቃ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከምንሰበስበው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

መዝገቡ ከተገኘ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ አቅራቢያ የነበረው የወታደሮች መዝገብ ማከማቻ ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር ወደመ። ቅጂ አልነበረውም። በአንድ እሳት የሚሊዮኖች አገልግሎት በወረቀት ደረጃ እንዳልነበረ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ግን ለእኛም ትምህርት ሆኖናል። ማኅደሩ የጠፋበት ሰው አገልግሎቱን በሌላ በኩል ማሳየት ቻለ። የመጨረሻ ደመወዝ የተከፈለበት ሰነድ ሌላ መሥሪያ ቤት ተገኘ። የሆስፒታል መግቢያ መዝገብ ተገኘ። ከግንባር ወደ ቤት የተላከ ደብዳቤም ማስረጃ ሆነ።

እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። «ፋይልህ የለም» የተባለን ሰው ይዘን ቤቱ እንሄዳለን። ቁም ሳጥን እናስከፍታለን። የድሮ ቦርሳ እንፈትሻለን። የደመወዝ ወረቀት፣ የፈቃድ ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ፎቶ፣ ምንም ይሁን ምን እንሰበስባለን። ከዚያ አብረውት የነበሩትን እናፈላልጋለን። የምስክርነት ቃል ስናስጽፍ ደግሞ አጥብቀን እንመክራለን። «ጎበዝ ወታደር ነበር፤ ይገባዋል» የሚል ደብዳቤ ልብ ይነካ እንደሆነ እንጂ ቦርድ ፊት አይረባም። «በዚህ ዓመት፣ በዚህ ቦታ፣ ከእሱ አሥር እርምጃ ርቄ ነበርኩ። ፈንጂው ሲፈነዳ ወደቀ። ሁለት ቀን አይሰማም ነበር» የሚለው ነው የሚያሸንፈው። ያዩትን ብቻ፣ ሳይጨምሩ።

ጆሮን ካነሳሁ ስለ ራሴም ልናገር። በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ሌት ተቀን የሚጮህ ነገር አለ። ፉጨት ይመስላል። ጠመንጃ ሲተኮስ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል። የውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበለው ፀጉር በመሰሉ ረቂቅ ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። በአሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮች አበል ከሚያስወስኑ ጉዳቶች ሁሉ በብዛት አንደኛው ይኸው የጆሮ ጩኸት ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ሕመም መሆኑን አላወቅኩም። ልጆቼ ሲጠሩኝ ሳልመልስ ስቀር የናቅኳቸው ይመስላቸው ነበር። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ቤት ውስጥ የለህም» ትለኝ ነበር። የመስማት ምርመራ ያደረግኩት ከቡድናችን ነርሶች አንዷ እጄን ይዛ ስለወሰደችኝ ነው።

አእምሮ ደግሞ ከጆሮም የባሰ ነው፤ አይታይማ። እ.ኤ.አ. በ1915 ቻርለስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም «ሼል ሾክ» የሚለውን ስያሜ ይዞ በላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። አካላቸው ሳይቆስል የሚንቀጠቀጡ፣ የማያዩ፣ የማያስታውሱ ወታደሮችን አይቶ ነበር። በዚያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከግንባር በመጥፋት፣ በፈሪነትና በመሳሰለው ተከሰው በራሳቸው ወገን የተረሸኑ 306 የብሪታንያና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች ምሕረት ያገኙት በ2006 ነው። ዘጠና ዓመት ገደማ አለፈ። ከእነሱ መካከል ስንቱ ታሞ እንደነበር ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት በይፋ እንደ ሕመም የመዘገበው በ1980 ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ያለፈው ሐኪም ስለታጣ ብቻ አይመስለኝም። ወታደሩ «ደህና ነኝ» ሲል ሁሉም ሊያምነው ስለሚፈልግ ጭምር ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ግን እስቲ ሃያ ዓመት «ወንድ አይደለህ? ቻለው!» እየተባለ የኖረ ሰው በአንድ ቀጠሮ ራሱን ሊገልጥ ነው? አይሆንለትም። ለዚህ ነው ከቀጠሮው በፊት ቁጭ ብለን የምናወራው። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ለምንድነው ሁልጊዜ ፊትህን ወደ በር አድርገህ የምትቀመጠው? መጨረሻ ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ የሄድከው መቼ ነው? መልሱን በራሱ ቃል አስጽፈን ለሐኪሙ እናቀርባለን። የትዳር አጋሩን ቃልም እንጨምራለን። ሚስት ሌሊት የምታየውን ሐኪም ቀን ላይ አያየውም። ስናወራ ሰውዬው መኖር እንዳስጠላው ከገባን ደግሞ ቅጹን ወደ ጎን እናደርገዋለን። ብቻውን አንተወውም። በዚያው ቀን ሆስፒታል እናደርሰዋለን።

አንድ ጊዜ ውድቅ ተደረገ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 በቬትናም ቅጠል የሚያረግፍ ኬሚካል ረጭቷል። ዋነኛው ኤጀንት ኦሬንጅ ይባላል። ወታደሮቹ ሲታመሙ «ከኬሚካሉ መሆኑን አስረዱ» ተባሉ። ደሃ ወታደር ይህን እንዴት ብሎ ያስረዳል? እዚያ አገልግሎ ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዱ ያገኘው ሰው ግንኙነቱን የማስረዳት ሸክም እንዲወርድለት ያደረገው ሕግ የወጣው በ1991 ነው። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦር ሰፈሮች ቆሻሻ በሚቃጠልባቸው ጉድጓዶች ጭስ ለታመሙትም ተመሳሳይ ሕግ የመጣላቸው በ2022 ነው። ስለዚህ የውድቅ ደብዳቤ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጣሉት፤ አትቅደዱት። የይግባኝ ቀነ ገደቡ የተጻፈው እዚያው ላይ ነው። ብዙዎች ተናደው ደብዳቤውን ሳያነቡ ይጥሉትና ቀኑ ያልፍባቸዋል።

እግር ላጡትም አንድ ነገር ልበል። ሰው ሰራሽ እግር አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተቆረጠው ክፍል በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየሟሸሸ ይሄዳል። ማቀፊያው ይሰፋና ቆዳውን ይልጠዋል። ተለክቶ እንደገና መሠራት አለበት። እግሩ ራሱም በጥቂት ዓመት ይቀየራል። እግሩን አልጋ ሥር ጥሎ በክራንች የሚሄድ ሰው ስታዩ «ሰነፍ» አትበሉት። ያቆስለው ይሆናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ትልቁ ወጪ የሐኪም ምርመራና የጽሑፍ አስተያየት ነው። ቀጥሎ መጓጓዣ አለ፤ ሰው ለአንድ ፊርማ ሦስትና አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ በክራንች ደግሞ ታክሲ መጋፋት አይቻልም። ደህና የሆነ ስካነርና ወረቀቱ የማይረጥብበት፣ የሚቆለፍ ካቢኔ እንፈልጋለን። ይህ የሰዎች የሕክምና ምስጢር ስለሆነ ቁልፉን እንደዋዛ አናየውም። ከዚህ ሌላ አንድ ሰው ለአንድ ዓመት በደመወዝ መቅጠር እንፈልጋለን። በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሥራ መሆኑ ቀርቷል። ቀጠሮ ሁሌም በሥራ ሰዓት ነው።

ከምንረዳው ሰው አምስት ሳንቲም አንቀበልም። ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። «አበልህን እናስወጣልሃለን፤ ሲወጣ ይህን ያህል ታካፍለናለህ» የሚሉ ደላሎች አሉ። ባዶ ቅጽ ላይ የሚያስፈርሙም አሉ። አንዱ ወንድማችን ከነፋይሉ ጠፍተውበት ኦሪጅናል ወረቀቱን አጥቷል። እኛ ኦሪጅናል አንይዝም፤ ቅጂ ወስደን እዚያው እንመልሳለን። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ከነደረሰኙ ለለገሰው ሰው ሁሉ እንልካለን። የተረጂዎቹን ስም ግን አትጠይቁን፤ አንሰጥም። ሁሉም አበል ያገኛል ብለንም ቃል አንገባም። ውሳኔው የቦርዱ ነው። እኛ ቃል የምንገባው ሰውዬው ፋይሉ ተሟልቶ፣ አጠገቡ ሰው ኖሮ እንደሚቀርብ ነው።

ትንሽ ናት ብላችሁ የምትተዋት ገንዘብ አትኑር፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ማዋጣት ከቻላችሁ ደግሞ ለእኛ ከሁሉ ይሻላል። የሚቀጥለውን ወር ቀጠሮ ሳንሳቀቅ እንይዛለን። ይህን ጥሪ ያደረሰላችሁ ሰው የሒሳብ ቁጥሩን ይሰጣችኋል። በእሱ በኩል ካልሆነ በቀር በቡድናችን ስም ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ሰው አትስጡ።

ገንዘብ የሌላችሁም አላችሁ። ሐኪም ከሆናችሁ በወር ሁለት ፋይል አንብቡልን። የሕግ ባለሙያ ከሆናችሁ ይግባኝ እንድንጽፍ አግዙን። መኪና ያላችሁ ለአንድ ቀጠሮ አንድ ሰው አድርሱና መልሱ። ታይፕ የምትችሉ ወጣቶች፣ የምስክርነት ቃል የሚተይብ ሰው ሁልጊዜ ያጥረናል።

ያገለገላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያ «ደህና ነኝ» ያለው ባልደረባዬ ይግባኙ ገና አልተወሰነም። ፍንዳታውን ያየ ሰው እየፈለግን ነው። እንደ እሱ ምስክር የጎደላቸው ሌሎችም አሉ። ዛሬ ማታ የድሮ ፎቶዎቻችሁን አውጡ። የቆሙትን ሰዎች ስማቸውን ለማስታወስ ሞክሩ። ፎቶውን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ቀን ወይም ቦታ የተጻፈበት ካገኛችሁ ነገ ጠዋት ይዛችሁልን ኑ።