የቡዳ ታሪኮችን ስትልኩልን

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

የዚህ ወር ርዕሳችን ቡዳ ነው። እስካሁን የላካችሁት ግሩም ነው፤ በተለይ ጉትቻ ያደረገው ጅብ! ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለው ሰው ማታ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል ይባላል። ጅቡ ሲገደል ግን ጆሮው ላይ ያለው ጉትቻ ያጋልጠዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦችም ይህንኑ ሰምተው ጽፈውታል።

መከላከያውንም አትርሱ። ልጅ «ቡዳ በላው» ሲባል ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ያሸቱታል፣ ጭስ ያጥኑታል፣ ክታብ ያስሩለታል። ጭሱ ሲበረታበት «ማነህ? የት አገኘኸው?» ይሉታል። ያኔ በታማሚው አፍ ቡዳው ይለፈልፋል። ይህችን ንግግር የሚያስታውስ አያት ካላችሁ ቃል በቃል ጻፉልን። ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን አደራ። «እገሌ ቡዳ ነው» የሚል ስም ወይም መንደር አትጥቀሱ። በዚህ ወሬ ሸክላ ሠሪዋና አንጥረኛው ብዙ ተጎድተዋል። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎች በዚሁ ስም ተገልለው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን ዛሬም አለ፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ባለታሪኩን አስፈቅዱ። የሰማችሁበትን አገርና ዘመን በግምትም ቢሆን ጨምሩበት። እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቃለን።